የካምፓስ ፖሊስ ያወቀውን ለኮሌጁ አስተዳደር መንገር ይችላል? የአሜሪካ ሕግ ምን ይላል?

በአሜሪካ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ፖሊስ አላቸው። ደመወዙን የሚከፍለው ተቋሙ ነው፤ ይሁን እንጂ በብዙ ግዛቶች እንደ ከተማው ፖሊስ መሣሪያ ይታጠቃል፣ ተጠርጣሪ የማሰር ሥልጣንም አለው። ይህ ፖሊስ ስለ ተማሪዎች ብዙ ይሰማል፦ በመኝታ ሕንጻ የተነሣ ጠብ፣ አንዲት ተማሪ "ያስቸግረኛል" ብላ ያመለከተችበት ወጣት፣ ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል የተጠቆመ ልጅ። የሰማውን ለተማሪዎች ዲን ወይም ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ ማሳወቅ ይፈቀድለታል ወይ የሚለው ጥያቄ የቢሮ ወረቀት ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር። በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ዕልቂት ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን አሳየ። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስለሚኖሩና ልጆቻቸውም በዚያው ኮሌጆች ስለሚማሩ፣ ነገሩ ለእኛም አንባቢዎች ሩቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚያዝያ 16 ቀን 2007 ጠዋት 1፡15 ገደማ በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኝታ ሕንጻ ሁለት ሰዎች በጥይት ተገደሉ። ፖሊስ በቅርብ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የተፈጠረ ጠብ ነው ብሎ ገመተ፤ አስተዳደሩ ለተማሪዎች የመጀመሪያውን የኢሜይል መልእክት የላከው 3፡26 ላይ ነበር። ከደቂቃዎች በኋላ ያው ገዳይ፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኖሪስ በተባለው የመማሪያ ሕንጻ 30 ሰዎችን ገድሎ ራሱን አጠፋ።

የግዛቱ አገረ ገዥ ቲም ኬይን የሠየሙት አጣሪ ቡድን በነሐሴ 2007 ያወጣው ሪፖርት ወደ ኋላ ተመልሶ ከዓመት በላይ ያስቆጠሩ ምልክቶችን ለቀመ። በ2005 መኸር መምህራን በልጁ ጽሑፎችና በክፍል ውስጥ ጠባዩ ሠግተው ነበር። ሴት ተማሪዎች ለካምፓስ ፖሊስ አመልክተዋል። በታኅሣሥ ወር አብሮት የሚኖር ተማሪ ራሱን ስለማጥፋት እንደተናገረ ለፖሊስ ጠቁሞ ልጁ ለምርመራ ተወስዷል፤ ዳኛም በተመላላሽ እንዲታከም አዝዟል። መምህራኑ፣ ፖሊሱ፣ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮውና የምክር አገልግሎቱ እያንዳንዳቸው ቁራጭ ያውቁ ነበር፤ ሙሉውን ሥዕል በአንድነት ያየ ግን አልነበረም። ለወላጆቹም የነገራቸው አልተገኘም። በስንዴ ማሳ ዋግ ሲገባ ሦስት ቀበሌዎች ለየብቻ አይተው ሳይነጋገሩ እንደሚቀሩት ዓይነት ነው።

አጣሪው ቡድን ካገኛቸው ምክንያቶች አንዱ ይበልጥ ያስቆጫል፦ ባለሥልጣናቱ ሕግ የሚከለክላቸው መስሏቸው ዝም ብለዋል። የሠጉት በ1974 የወጣውን፣ በምኅጻሩ "ፌርፓ" የሚባለውን የተማሪዎችን የትምህርት መረጃ ምሥጢር የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ ግን እነሱ ያሰቡትን ያህል አያግድም።

በፌርፓ መሠረት የካምፓስ ፖሊስ ለሕግ ማስከበር ሥራ ብሎ ራሱ ያዘጋጀውና ራሱ የያዘው መዝገብ "የትምህርት መዝገብ" አይደለም። ስለዚህ ፖሊሱ ያንን መዝገብ ለዲኑ ቢያሳይ ፌርፓ አይከለክለውም። ብዙ ሰው የሚያምታታው ቀጥሎ ያለውን ነው። የመዝገቡ ግልባጭ ዲኑ እጅ ሲገባ፣ ያ ግልባጭ የትምህርት መዝገብ ይሆናል፤ ዲኑ እንደፈለገ ሊያሠራጨው አይችልም። በፖሊስ ጣቢያው የቀረው ዋናው ቅጂ ግን እንደቀድሞው ነው። በተቃራኒውም ከዲኑ ቢሮ ለፖሊስ የተሰጠ የትምህርት መዝገብ ፖሊስ እጅ ስለገባ ብቻ ጥበቃውን አያጣም። መምህር በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን መናገር ደግሞ ከመዝገብ አውጥቶ እንደመስጠት አይቆጠርም። በዚህ ላይ የማንንም ጤና ወይም ደኅንነት የሚያሠጋ አስቸኳይ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ኮሌጁ አደጋውን ለመከላከል መረጃው ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ያለ ተማሪው ፈቃድ እንዲገልጽ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የወላጆች ስልክም ከዚህ ውስጥ ነው። የሕክምናና የምክር አገልግሎት መዝገብ ግን ሌሎች፣ ጠበቅ ያሉ ሕጎች ስላሉት ከዚህ ጋር አንድ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ከዕልቂቱ በኋላ ቨርጂኒያ በ2008 በሕግ የመንግሥት ኮሌጆቿ ሥጋት ገምጋሚ ቡድን እንዲያቋቁሙ አዘዘች። የካምፓስ ፖሊስ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያና የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ ሕጉ ካመጣቸው ለውጦች ዋነኛው ይኸው ይመስለኛል።

ይሁንና በግቢ ውስጥ መነጋገር ብቻውን አይበቃም። በአሪዞና ግዛት የፒማ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ፖሊስ አንድን ተማሪ በተመለከተ በ2010 በተደጋጋሚ ተጠርቷል፤ አስተዳደሩም አውቆ ልጁን ከትምህርት አገደው፣ ለመመለስም የአእምሮ ጤና ማረጋገጫ ጠየቀው። ልጁ ኮሌጁን ለቆ ሄደ። በጥር 2011 በቱሶን ከተማ አቅራቢያ ስድስት ሰዎችን ገደለ፤ የምክር ቤት አባሏን ጋብሪኤል ጊፈርድስንም ክፉኛ አቆሰለ። መረጃው ከፖሊስ ወደ ዲን ደርሷል፤ ከግቢው አጥር ውጭ ግን ተከታታይ አላገኘም።

በሌላ በኩል ተማሪዎች የሚያነሡት ሥጋት ቀላል አይደለም። የተናገርኩት ሁሉ ለፖሊስ ይደርሳል ብሎ የሚያምን ወጣት፣ ሲጨንቀው እርዳታ ለመጠየቅ ያመነታል። በቂም የሚቀርብ ጥቆማም በአንድ ሰው ስም ላይ ጥላ ጥሎ ሊቀር ይችላል። ፌርፓ ተማሪው በትምህርት መዝገቡ የሠፈረውን እንዲያይና ስሕተት ካለበት እንዲታረም እንዲጠይቅ መብት የሚሰጠው ለዚህም ሲባል ነው።

ልጆቻቸውን ወደዚያ ለሚልኩ ቤተሰቦች አንድ ነገር እንግዳ ሊሆንባቸው ይችላል፦ ተማሪው 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ፣ በመዝገቡ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ ራሱ ይተላለፋል። ክፍያውን የሚከፍለው አባት ወይም እናት ቢሆኑም ኮሌጁ ውጤቱንም ሆነ የዲሲፕሊን ጉዳዩን የመንገር ግዴታ የለበትም። ልጁ በግብር ሕጉ የወላጅ ጥገኛ ከሆነ ወይም ከላይ የተጠቀሰው አስቸኳይ ሁኔታ ከተፈጠረ ግን መናገር ይችላል። ልጁ በጽሑፍ ፈቃድ ከሰጠ ደግሞ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ፈቃዱን ችግር ሳይመጣ፣ በምዝገባ ጊዜ መጨረስ ይሻላል።

ስለ ግቢው ደኅንነት ለማወቅ ግን የልጁ ፈቃድም አያስፈልግም። በ1986 በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሏ ውስጥ በተገደለችው በጂን ክሌሪ ስም የሚጠራው የ1990 ሕግ፣ የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚያገኙ ኮሌጆች በየዓመቱ እስከ ጥቅምት 1 ቀን የደኅንነት ሪፖርት እንዲያወጡ ያስገድዳል። ፖሊስ ወይም የጥበቃ ክፍል ያላቸውም የዕለት የወንጀል መዝገባቸውን ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ያደርጋሉ።