የሰርቨር የመነሻ ራስ ፍተሻ

የመነሻ ራስ ፍተሻ (በአጭር ስሙ ፖስት) ማለት አንድ ኮምፒውተር ኃይል ሲያገኝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መነሳት ከመጀመሩ በፊት፣ የራሱን ክፍሎች የሚመረምርበት ሂደት ነው። ፍተሻውን የሚያካሂደው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ የሚባል ፕሮግራም ነው። ጉድለት ከተገኘ ማሽኑ በድምፅ፣ በመብራት፣ በቁጥር ኮድ ወይም በጽሑፍ ያስታውቃል። ሰርቨር ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግል በመሆኑ ፍተሻው ከግል ኮምፒውተር ይልቅ ረጅምና ጥልቅ ነው።

ታሪክ

በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ባዮስ ሲነሳ ራሱን ይፈትሽ ነበር። ሁሉም ደህና ከሆነ አንድ አጭር ቢፕ ያሰማል፤ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ቢፕ የስክሪን ካርድ ችግርን ያመለክታል። በስክሪን ላይ የሚወጡ ቁጥሮችም ነበሩት፤ ለምሳሌ 201 የሚሞሪ፣ 301 የኪቦርድ ስህተት ማለት ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአይቢኤም ኤቲ ጀምሮ ባዮሱ የደረሰበትን ደረጃ የሚገልጽ ኮድ 80 ሄክስ ወደሚባለው ፖርት መላክ የተለመደ ሆነ። ኮዱ ከ00 እስከ ኤፍኤፍ ባሉ ሁለት የሄክሳዴሲማል ምልክቶች ስለሚጻፍ 256 ዋጋዎች ሊኖሩት ይችላል።

በ1998 እ.ኤ.አ. ኢንቴል፣ ዴል፣ ሂውሌት ፓካርድና ኤንኢሲ አይፒኤምአይ የተባለውን የሰርቨር መቆጣጠሪያ ደንብ አወጡ። በ2005 እ.ኤ.አ. የዩኢኤፍአይ ፎረም ተመሠረተ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚነሱት በዩኢኤፍአይ ነው።

የፍተሻው ቅደም ተከተል

ዝርዝሩ እንደ አምራቹ ቢለያይም አካሄዱ በጥቅሉ እንደሚከተለው ነው።

1. ፓወር ሰፕላዩ የሚሰጠው ቮልቴጅ የተረጋጋ መሆኑን ለማዘርቦርዱ ያሳውቃል። ይህ ምልክት ካልደረሰ ፕሮሰሰሩ ሥራ አይጀምርም።
2. ፕሮሰሰሩ ከባዮስ ቺፑ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ያነባል።
3. ሚሞሪው ይለያል፣ ይስተካከላል፣ ይፈተሻል። ብዙ ሚሞሪ ባለው ሰርቨር ይህ ደረጃ ደቂቃዎችን ሊወስድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል።
4. ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ፋኖችና የሙቀት መለኪያዎች ይታያሉ።
5. የሬይድ መቆጣጠሪያው ሃርድ ዲስኮቹንና የራሱን ባትሪ ይመረምራል።
6. ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ተፈልጎ ሥራው ወደ እርሱ ይተላለፋል።

ልምድ የሌለው ሰው በሦስተኛው ደረጃ ላይ «ማሽኑ ሞቷል» ብሎ ደጋግሞ ያጠፋዋል። ሰርቨሩ ግን እየሠራ ሊሆን ስለሚችል ከመፍረድ በፊት ብዙ ደቂቃ መጠበቅ ይገባል።

የስህተት ምልክቶች

ድምፅ። የቢፕ ትርጉም በባዮሱ አምራች ይወሰናል። በቆየው የኤኤምአይ ባዮስ 3 ቢፕ በመጀመሪያዎቹ 64 ኪሎባይት ሚሞሪ ላይ የደረሰ ስህተትን፣ 5 ቢፕ የፕሮሰሰር ስህተትን፣ 8 ቢፕ የስክሪን ሚሞሪ ስህተትን ያሳያል። የፊኒክስ ባዮስ ደግሞ ድምፁን በቡድን ከፍሎ ያሰማል፤ 1-3-4-1 ሲሆን በሚሞሪ አድራሻ መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቢፑን ከመቁጠር በፊት የማሽኑን ሞዴል ማወቅ ያስፈልጋል።

መብራት። አንድ ቀለም በሁለት ማሽን ላይ የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በዴል ፓወርኤጅ ሰርቨሮች የፊት መብራት ሰማያዊ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ብልሽት አለ። በኤችፒ ፕሮላያንት ግን የማብሪያው ቁልፍ ላይ ያለው ብርቱካናማ መብራት ማሽኑ ኃይል አግኝቶ ለመነሳት እየጠበቀ መሆኑን ብቻ ይገልጻል። የጤንነቱ መብራት ሌላ ነው፤ አረንጓዴው ደህንነትን፣ ብልጭ የሚለው ብርቱካናማ መዳከምን፣ ብልጭ የሚለው ቀይ ከባድ ብልሽትን ያመለክታል።

መዝገብ። ሰርቨር ዋናው ፕሮሰሰር ባይነሳ እንኳ የሚሠራ ትንሽ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር አለው። ዴል አይድራክ፣ ኤችፒ አይኤልኦ ይለዋል። ስህተቶችን ከነጊዜያቸው ስለሚመዘግብ የትኛው የሚሞሪ ክፍተት ወይም የትኛው ፋን እንደተበላሸ በኔትወርክ ገብቶ ማየት ይቻላል። ኢሲሲ የሚባለው የሰርቨር ሚሞሪ የአንድ ቢት ስህተትን ራሱ ያርማል፣ የሁለት ቢትን ደግሞ ይለያል። የታረሙ ስህተቶች በመዝገቡ ውስጥ እየተደጋገሙ ከመጡ ሚሞሪው ጨርሶ ሳይበላሽ መቀየር ይሻላል።

በወላይታ ሶዶ

ወላይታ ሶዶ የወላይታ ዞን ዋና ከተማና በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚሁ ነው። የተማሪ ውጤት፣ የሕሙማን ካርድና የደመወዝ መዝገብ በሰርቨር በሚያዝበት ከተማ ሁሉ የማሽን አለመነሳት ሥራ ያስቆማል። ከሶዶ ሁኔታ ጋር በተለይ የሚያያዙ ሁለት ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው ኃይል ነው። አካባቢው በኦሞ ወንዝ ላይ ለተገነባውና 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ላለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ቅርብ ነው። ወደ ኬንያ የሚሄደውና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ባለ 500 ኪሎቮልት መስመርም የሚነሳው ከወላይታ ሶዶ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ቢሮ መብራት የሚደርሰው በአካባቢው የስርጭት መስመር በኩል ስለሆነ፣ የትልልቅ መስመሮች ቅርበት ብቻ መቆራረጥን አያስቀርም። መብራት በጠፋና በተመለሰ ቁጥር ሰርቨሩ የራስ ፍተሻውን እንደገና ይጀምራል። ባዮሱ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ፣ ጠፍቶ እንዲቆይ ወይም ወደ ቀድሞ ሁኔታው እንዲመለስ የሚያደርግ ምርጫ አለው። መብራቱ መልሶ መላልሶ በሚጠፋበት ቦታ ጠፍቶ እንዲቆይ ማድረግና ኃይሉ ሲረጋጋ ማስነሳት ዲስኮቹን ከጉዳት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። የሶዶ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ኤ2 በሚለው የማሽን ምድብ እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ የክፍል ሙቀት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። በዚህ ስሌት በ2,000 ሜትር ላይ ጣሪያው 31 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በአቧራ የተዘጋ የአየር መግቢያ ሲታከልበት የፋንና የሙቀት ማስጠንቀቂያዎች በፍተሻው ላይ ይበዛሉ።

ማሽኑ ሳይነሳ ሲቀር

ምንም ድምፅና መብራት ከሌለ ችግሩን ከሶኬቱ፣ ከዩፒኤሱና ከፓወር ሰፕላዩ መፈለግ ይጀመራል። ኃይል እያለ ፍተሻው የሚቆም ከሆነ የተለመደው ዘዴ ማሽኑን ወደ አነስተኛ ቅንብር መመለስ ነው። የኃይል ገመዱ ተነቅሎ አንድ ፕሮሰሰርና አንድ ሚሞሪ ብቻ ይተዋል፣ ማሽኑ ይሞከራል፤ ከተነሳ የተቀሩት አንድ በአንድ እየተመለሱ የሚያስቆመው ይለያል። መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ጤነኛውን ዕቃ ከመቀየር ያድናል።

የማዘርቦርዱ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሲያልቅ ሰርቨሩ ቀኑን ይረሳል፤ ፍተሻውም ሰዓት እንዲስተካከል ይጠይቃል። ይህ ቀላል ቢመስልም ሳይስተካከል ከታለፈ አዳዲስ መዝገቦች በተሳሳተ ቀን ይጻፋሉ።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሬይድ መልእክት ላይ ነው። መቆጣጠሪያው ዲስኮቹን የሌላ ማሽን ንብረት አድርጎ ሲያያቸው ቅንብሩ እንዲገባ ወይም እንዲጠፋ ይጠይቃል። ማሽኑ ቶሎ እንዲነሳ ተብሎ «ይጥፋ» የሚለው ከተመረጠ ዲስኮቹ እንዴት እንደተቀናጁ የሚገልጸው መረጃ ይሰረዛል፤ በውስጣቸው ያለውም መረጃ ሊገኝ ላይችል ይችላል። ስለሆነም ቁልፍ ከመንካት በፊት መልእክቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የዲስኮቹን ቦታ መመዝገብና ቅጂ መኖሩን ማረጋገጥ ይመከራል።

የፍተሻው ወሰን

የራስ ፍተሻን ማለፍ ሙሉ ጤንነትን አያረጋግጥም። ፍተሻው ፈጣን ስለሆነ ማሽኑ ሲሞቅ ወይም ሥራ ሲበዛበት ብቻ የሚከሰት ጉድለት ሊያመልጠው ይችላል። የተበላሸ ፋይልንም አያይም። በዚህ ምክንያት ረዘም ያለ የሚሞሪ ምርመራና መደበኛ የመረጃ ቅጂ ከፍተሻው ጎን ለጎን ያስፈልጋሉ።