ቴዲ አፍሮ፦ ቢቱ ከጃማይካ፣ ቃሉ ከሀገር ቤት

ቲክቶክ ስታገላብጡ አንድ ቢት ደጋግሞ ይመጣባችኋል። ዘፋኙ ምን እንደሚል ባይገባንም እግራችን ግን ዝም አይልም። ሬጌቶን ይባላል። ዘገም ብሎ ራፕ የሚበዛበት ዘመዱ ደግሞ ላቲን ትራፕ ነው። የዚህ ሙዚቃ ትልቁ ስም የፖርቶ ሪኮው ባድ ባኒ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ እየሠራ ዘፈኖቹን ሳውንድክላውድ ላይ በመጫን ነው የጀመረው። ዛሬም የሚዘፍነው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በራሱ ቋንቋ፣ በስፓኒሽ ነው።

እኛ ሀገር የሬጌቶን ኮከብ የለም። ግን ከዚያው የዘር ግንድ ቢት ወስዶ፣ ግጥምና ዜማውን ራሱ እየሠራ፣ በአማርኛ ሩቅ የሄደ ሰው አለን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ የእሱን ጉዞ ነው።

◾ ግንዱ የት ነው?

ሬጌቶን የጃማይካ የልጅ ልጅ ነው። ከሬጌ ዳንስሆል ተወለደ። ዳንስሆልን በፓናማ ከካሪቢያን ሄደው የሰፈሩ ሠራተኞች ልጆች በስፓኒሽ ዘፈኑት፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፖርቶ ሪኮ ገባና የራሱን ስም አገኘ።

ሬጌ ራሱ ደግሞ ዓይኑን የጣለው ወደ እኛ ነበር። ራስታዎች አጼ ኃይለ ሥላሴን እንደ አምላክ ያዩ ነበር። ንጉሡ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት ነበር። ሻሸመኔ ላይም የራስታዎች ሰፈር እስካሁን አለ። ስለዚህ ሬጌ አዲስ አበባ ሲገባ ጭልጥ ያለ እንግዳ አልነበረም።

◾ ቴዲ ማን ነው?

ሙሉ ስሙ ቴዎድሮስ ካሣሁን ነው። ሐምሌ 7 ቀን 1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ ካሣሁን ገርማሞ የዘፈን ደራሲ፣ እናቱ ጥላዬ አራጌ ተወዛዋዥ ነበሩ። ቤቱ የሙዚቃ ቤት ነበር ማለት ነው።

◾ አልበሞቹ በቅደም ተከተል

👉 አቡጊዳ (1993 ዓ.ም.)፦ ስሙን ያወጣለት ነው። ሬጌው ገና ከዚህ ጀምሮ ጎልቶ ይሰማል።

👉 ያስተሰርያል (1997 ዓ.ም.)፦ በምርጫው ሰሞን ወጣ። በርዕሱ ዘፈን ውስጥ ያለው «ጃ» ራስታዎች ፈጣሪን የሚጠሩበት ስም ነው። ብዙ ሰው ዘፈኑን በመንግሥት ላይ እንደተሰነዘረ ትችት ሰማው፤ በመንግሥት ሚዲያ ባይለቀቅም በየታክሲውና በየሻይ ቤቱ ይሰማ ነበር።

👉 ጥቁር ሰው (2004 ዓ.ም.)፦ የርዕሱ ዘፈን ስለ አጼ ምኒልክና ስለ ዓድዋ ነው። ሁሉንም ግን አላስደሰተም። ምኒልክን በሌላ ዓይን የሚያዩ፣ በተለይ የኦሮሞ አክቲቪስቶች፣ ተቃውሞ አስነሱ። በ2006 ዓ.ም. በደሌ ቢራ የኮንሰርት ስፖንሰርነቱን ያቋረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

👉 ኢትዮጵያ (ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም.)፦ በቢልቦርድ የወርልድ አልበም ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ። ልብ በሉ፦ ለውጭ ገበያ ብሎ እንግሊዝኛ አላስገባበትም። «ማር እስከ ጧፍ» የተነሣው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ጎጃምን የሚያውቅ ሰው ገና ከርዕሱ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላም «ደሞ በዓባይ» (2012)፣ «አርማሽ» እና «ናዕት» (ሁለቱም 2014) በነጠላ ወጥተዋል።

◾ የከፈለው

የቴዲ ታሪክ የሽልማት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሰው በመኪና ገጭቶ አምልጧል ተብሎ ታሰረ። እሱ ክሱን ክዶ ተከራከረ፤ ደጋፊዎቹም ጉዳዩ ፖለቲካ ነው አሉ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ 6 ዓመት ፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ዝቅ አለ። ነሐሴ 2001 ዓ.ም. ተፈታ።

ከዚያም በኋላ መድረክ ማግኘት ቀላል አልሆነለትም። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ «ኢትዮጵያ» አልበምን አዲስ አበባ ሒልተን ሊያስመርቅ ሲል ተከለከለ። አስቡት፦ አልበሙ በዓለም ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጥቶ፣ ምረቃው ግን በገዛ ከተማው አልተፈቀደም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥር 2010 ዓ.ም.፣ ፈቃድ አገኘና ባሕር ዳር ስታዲየም ዘፈነ። ከዓመታት ጥበቃ በኋላ መድረኩ የተከፈተለት አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን እዚሁ ክልላችን ነው። የአዲስ አበባው የሚሊኒየም አዳራሽ ኮንሰርት የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር።

◾ ለእኛ ሰፈር ልጅ ምን አለው?

«ኢትዮጵያ» አልበም ላይ ስለ አጼ ቴዎድሮስ የተዘፈነ ዘፈን አለ። የዚያ ታሪክ ቦታው እኛው ጋ ነው'ኮ! ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው። ወደ መቅደላ ሲጎተትም በጋይንት በኩል ነው ያለፈው። እኛ በአውቶቡስ መስኮት አይተን የምናልፈውን ሀገር እሱ ወደ ዘፈን አመጣው።

መካነ ኢየሱስ ውስጥ በስልኩ ቢት የሚሠራ፣ ማታ ማታ ግጥም የሚጽፍ ልጅ ሞልቷል። ብዙዎቹ ግን «የእስቴ ነገር ማን ይሰማዋል?» ብለው የሌላውን አዘፋፈን እስከ አነጋገሩ ይቀዳሉ። ቢት መዋስ ነውር የለውም፤ ቴዲም ከጃማይካ ተውሷል፣ ባድ ባኒም የሚዘፍንበት ቢት ሥሩ እዚያው ነው። ቃሉን ግን ሁለቱም አልተዋሱም። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በስፓኒሽ፣ የሚያውቁትን ሀገር ዘፈኑ። ሰው የሰማቸውም በዚያው ነው።

ግጥም ጽፎ ያስቀመጠ ጓደኛ ካላችሁ ይቺን ላኩለት።