ባቡር ያልደረሰባት ከተማና የተሳቢው ጎማ

ሐረር ላይ ጎማ ሊያስነፋ የቆመ ሰው ሳያውቀው ታሪክ ያወራል። ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ካለመዳሪያ፣ ስኮርት… አራቱም ከጣሊያንኛ የተዋስናቸው ቃላት ናቸው። እኛም ዛሬ ከጎሚስታው በር ላይ ቆመን አንድ ጥያቄ እናንሳ፤ ሐረር ሸክሟን በምን ተሸከመች?

ለረጅም ዘመን መልሱ ግመል ነበር። የሐረር ቡናና ቆዳ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ምኒልክ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐረር ተራዋ የደረሰ መሰላት። ግን ተራራው ከበደና ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ በግርጌው አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች፤ እኛ ድሬዳዋ የምንላት። አሮጌዋ ሐረር ግን ለመንገድ ተተወች፤ በደንገጎ በኩል ለሚወጣውና ለሚወርደው፣ 50 ኪሎ ሜትር ለሚያልፈው ጠመዝማዛ መንገድ። ግመሉን ከነተሳቢው የጭነት መኪና ተካው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ግመል ከአቅሙ በላይ ከጫኑት ይጮሃል፣ አልነሳም ይላል። ጎማ ግን ዝም ይላል። ዝም ብሎ ይሞቃል፤ የሚናገረው ሲፈነዳ ነው።

ደግነቱ አቅሙ ጎኑ ላይ ተጽፏል። 152/148 የሚል ካነበባችሁ፣ ጎማው ብቻውን ሲሆን 3,550 ኪሎ፣ ከጎኑ መንታ ሲኖረው ደግሞ 3,150 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ለተሳቢ ጎማ ስንመርጥ የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ይሸከማል?» ነው። መንታ ጎማ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ አንዱ ነፋስ ቢያንሰው ባልንጀራው ይሸፍንለታል፣ በዓይን አይታይም። ረዳቱ በብረት መታ መታ አድርጎ ድምፁን ቢሰማም፣ ልኩን የሚያውቀው መለኪያው ነው።

አሁን ወደ ደንገጎ እንመለስ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ከ1,800 በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ጨርሶ እኩለ ቀን ላይ ጎማውን ቢለካ ነፋሱ በዝቶ ያገኘዋል። «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ያስተነፍሰዋል። ስህተቱ ይሄ ነው። የበዛው በሙቀት ነው እንጂ ስለተጨመረበት አይደለም። 100 ፒኤስአይ ያለው ጎማ በ15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ5 በላይ ይቀንሳል፤ ከፍታው የሚመልስለት 1 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ሾፌር ተሳቢውን ጭኖ ወደ ሐረር ሲመለስ የሚወጣው በጎደለ ጎማ ነው። የጎደለ ጎማ ጎኑ አብዝቶ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ይፈነዳል። ተሳቢ ደግሞ ሚዛኑን ሲስት ጎታቹንም ይዞት ይሄዳል።

መላው ቀላል ነው። ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ ከመነሳት በፊት፣ ሳይሞቅ ነው። መጠኑም ለጎማውና ለጭነቱ አምራቹ ባወጣው ልክ ነው። ትንሽ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ስትጎትቱ የጎታቹን የኋላ ጎማም አትርሱ፤ ከፊሉ ሸክም እዚያ ያርፋል። ስኮርቱም ይነፋ።

ጁገል ውስጥ፣ በዚያ በጠባቡ ጎዳና፣ ዛሬም ተሳቢ አይገባም፤ ሸክሙን በሩ ላይ አውርዶ ይመለሳል። ለዘመናት ሐረር የሚገባው ሁሉ የሸክሙን ልክ እያወቀ ነው የገባው። እኛስ ከግመል ነጂዎቹ በምን እናንሳለን?