የፕሮስቴት ነቀርሳ በሮቦት አጋዥነት ሲወገድ፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት

የፕሮስቴትን ዕጢ ከነነቀርሳው ነቅሎ ማውጣት ለቀዶ ሕክምና ባለሙያ ምንጊዜም ከባድ ፈተና ሆኖ ኖሯል። ዕጢው ከፊኛ በታች በዳሌ አጥንቶች መካከል ተሸሽጎ የሚገኝ ሲሆን፣ ዙሪያውን በብዙ ደም ሥሮች የተከበበ ነው፤ ለወንድነት ኃይል የሚያስፈልጉት ነርቮችም በጎንና በጎኑ ተጠግተው ያልፋሉ። ሂዩ ያንግ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ይህን ሕክምና በሥርዐት ከጀመረ በኋላ፣ በዚያው ሆስፒታል ፓትሪክ ዎልሽ በ1982 ነርቮቹን የማትረፍን ስልት እስካሳየ ድረስ፣ አብዛኞቹ ሕመምተኞች ከነቀርሳው ሲድኑ ወንድነታቸውን ያጡ ነበር።

በ1998 የፓሪስ ሐኪሞች ጊዮኖና ቫላንሲየን ሆድን ሳይከፍቱ፣ በጠባብ ቀዳዳዎች በገባ ካሜራና መሣሪያ ዕጢውን ማውጣት ጀመሩ። ዘዴው ግን ለመማር ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ ነበር። ሮቦት የመጣው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ስሙ ሮቦት ይባል እንጂ በራሱ አስቦ የሚቀድ መኪና አይደለም። ሐኪሙ ከሕመምተኛው ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ጎልቶና ጥልቀት ኖሮት የሚታየውን ምስል እየተመለከተ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ፣ እንደ ሰው አንጓ የሚታጠፉት መሣሪያዎች ይታዘዙለታል።

በ2000 ቢንደርና ክራመር በጀርመን አገር በፍራንክፈርት የመጀመሪያዎቹን ሕመምተኞች በዚህ መሣሪያ አከሙ። በ2001 ደግሞ ማኒ ሜነን በዲትሮይት ከተማ በሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል ቋሚ አገልግሎት አደራጁ። ይኸው ሆስፒታል በ2003 ያወጣው ንጽጽር የባለሙያውን ዓለም አስደነቀ። በተለመደው መንገድ በታከሙት 100 ሰዎች ላይ የፈሰሰው ደም በአማካይ 910 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ በሮቦት በታከሙት 200 ሰዎች ላይ 153 ብቻ ነበር። የሆስፒታል ቆይታም ከ3.5 ቀን ወደ 1.2 ቀን ዝቅ አለ። ይሁን እንጂ ሕመምተኞቹ በዕጣ አልተደለደሉም፤ ውጤቱም የአንድ የሠለጠነ ማዕከል ውጤት ነበር።

አዲሱ ስልት ግን ማስረጃውን ቀድሞ ተስፋፋ። በ2009 በአሜሪካ አረጋውያን የሕክምና መዝገብ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ በጠባብ ቀዳዳ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በ2003 ከጠቅላላው 9.2 በመቶ የነበረው በ2006 እና በ2007 ወደ 43.2 በመቶ ከፍ ብሏል። ደም የተሰጣቸው 2.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት መካከል 20.8 በመቶ ነበሩ። ሆኖም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻልና ስንፈተ ወሲብ በጠባብ ቀዳዳ በታከሙት ዘንድ በልጦ ተመዘገበ። ሆስፒታሉ ያተረፈውን አልጋና ደም ሲቆጥር፣ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ይዞት የሄደው ጉዳት ከሒሳቡ ውጭ ቀርቶ ነበር።

ሁለቱን ስልቶች በዕጣ ደልድሎ የመዘነው ጥናት ከአውስትራሊያ ከብሪስቤን የወጣው ገና በ2016 ነው። ከ12 ሳምንት በኋላ በሽንት ቁጥጥርም ሆነ በወንድነት ኃይል ረገድ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም፤ የፈሰሰው ደም ግን በሮቦት በኩል አነስተኛ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ሐሰት አልነበሩም፤ የተቆጠረው ግን በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የሚታየው ብቻ ነበር። አዲስ መሣሪያ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በሚገባበት ጊዜ ሁሉ፣ ሕመምተኛውን ቤቱ ድረስ ተከትሎ የሚመዘግብ መዝገብ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ሊከፈት ይገባል። የሙያ ባልደረቦቻችን ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ዋናው ትምህርት ይኸው ነው።