ግድግዳ ውስጥ የገባው መጥረጊያ

መጥረጊያ ታሪክ አለው ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን አንብቡ። የታሪክ ጽሑፍ ሲባል ንጉሥና ጦርነት በሚጠበቅበት አገር ስለ አቧራ መጻፍ ድፍረት እንደሆነ እናውቃለን። ቢሆንም አቧራ ከነገሥታቱ ሁሉ በላይ ዕድሜ አለው፤ ከጦርነቱም ሁሉ በላይ ሰው አስጎንብሷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬው ጉዳያችን «ሴንትራል ቫኪዩም» ነው። ላላያችሁት፦ ትልቅ ሞተር ጋራዥ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ከሞተሩ የሚነሱ ቱቦዎች በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ ተደብቀው ወደየክፍሉ ይሄዳሉ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የመብራት ሶኬት የሚመስል ክዳን ያለው ቀዳዳ አለ። ጎማውን ትሰካላችሁ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ አቧራው በግድግዳው ውስጥ እየበረረ ሄዶ ጋራዡ ያለው በርሜል ውስጥ ይወድቃል። የምትጎትቱት ማሽን የለም፤ ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸትም የለም።

ይህን ያየ ሰው «መጀመሪያ የሚጎተተው ቫኪዩም ተፈጠረ፤ ኋላ ሀብታሞች አሻሻሉትና ግድግዳ ውስጥ ከተቱት» ብሎ ያስባል። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በሞተር የሚሠራው ቫኪዩም በእጅ ከመያዙ በፊት የሕንፃ አካል ነበር። ከግድግዳ ወደ እጅ ወጣ፣ ከእጅ ደግሞ ተመልሶ ወደ ግድግዳ ገባ። በእያንዳንዱ ጉዞው የሚለወጠው ማሽኑ ብቻ አልነበረም፤ የቤቱን አቧራ የሚሸከመው ሰውም አብሮ ይለወጥ ነበር። ልንነግራችሁ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

መንፋት ወይስ መሳብ?

አቧራን በማሽን የመጥረግ ሐሳብ የተጀመረው ከኤሌክትሪክ በፊት ነው። በ1860 ዳንኤል ሄስ የተባለ የአይዋ ሰው ወናፍ ያለው የምንጣፍ መጥረጊያ ፓተንት አወጣ። በ1869 ደግሞ አይቭስ ማክጋፊ የተባለ የቺካጎ ሰው በእጅ የሚዘወር ማሽን አስመዘገበ። አንድ እጅ እየዘወረ ሌላው እጅ እየገፋ መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት። ከመጥረጊያው ይልቅ ማሽኑ ያደክም ነበር ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው በ1901 ለንደን ላይ ነው። ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ መሐንዲስ አንድ አዲስ ማሽን ሲታይ ተገኘ። ማሽኑ አቧራውን በአየር ይነፋዋል፤ የተነፋው አቧራ ሳጥን ውስጥ ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። አብዛኛው ግን ተመልሶ ወንበሩ ላይ ያርፋል። ቡዝ «ለምን አትስቡትም?» ብሎ ጠየቀ። አይቻልም ተባለ። እሱ ግን ሐሳቡን አልተወም። አንድ ሬስቶራንት ገብቶ ከፋይ በለበሰ ወንበር መደገፊያ ላይ አፉን ለጥፎ አየር ሳበ። በአቧራ ታንቆ ሊሞት ምንም አልቀረው! ራሱ ኋላ የተረከው ነው። መታነቁ ግን ማስረጃ ሆነለት።

በዚያው ዓመት የሠራው ማሽን ቤት ውስጥ የሚገባ አልነበረም። በፈረስ የሚጎተት ቀይ ጋሪ ነው፤ ጋሪው ላይ የነዳጅ ሞተርና ፓምፕ ተጭኗል። ጋሪው መንገድ ላይ ይቆማል፣ ረጃጅም ጎማዎች በመስኮት ይገባሉ፣ ሠራተኞች ምንጣፉን ይጠርጋሉ። ጩኸቱ የሌሎችን ጋሪ ፈረሶች እያስበረገገ እስከ ፍርድ ቤት አድርሶታል። ሀብታም እመቤቶች በበኩላቸው ወዳጆቻቸውን ሻይ ጠርተው ምንጣፋቸው ሲጠረግ ያሳዩ ነበር። አቧራው ሲሄድ እንግዶቹ በዓይናቸው እንዲያዩት መስታወት መሳይ ቱቦ ተገጥሞ ነበር። እኛ አገር ሰው ጠርቶ ቡና ማፍላት ያለ ነው፤ አቧራን ለማሳየት ሰው መጥራት ግን የእንግሊዞች ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭን ሲል የዌስትሚንስተር ገዳም ምንጣፍ በቡዝ ማሽን ተጠረገ። ቤተ መንግሥቱም ማሽኑን አዘዘ። ከዚያ በኋላ ማን ይከለክለዋል!

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የቡዝ ማሽን ከነሠራተኞቹ የሚመጣ አገልግሎት ነበር። የቤቷ እመቤት ጎማውን አትነካም። ገረዷም አትነካም። አቧራው ከውጭ በመጡ ሰዎች ተስቦ በጋሪ ይሄዳል።

የቧንቧ ሠራተኛው ሐሳብ

በዚያው በ1901 አትላንቲክን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ውስጥ ዴቪድ ኬኒ የተባለ ሰው የራሱን ማመልከቻ ለፓተንት ቢሮ አስገባ። የኬኒ ሙያ የቧንቧ ሥራ ነው። ስለዚህ አቧራን ያየው እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቆሻሻ ውኃ በየፎቁ ባልዲ ተሸክሞ የሚያወርደው ሰው ቀርቶ በቧንቧ ከወረደ፣ አቧራስ ለምን በቧንቧ አይወርድም?

ኬኒ ትልቁን ፓምፕ ምድር ቤት አስቀመጠው። ከእሱ የብረት ቱቦዎች በየፎቁ አወጣ፤ በየፎቁም ጎማ መሰኪያ አበጀ። በ1902 ፒትስበርግ ከተማ ለብረት ነጋዴው ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ በተሠራው ሕንፃ ውስጥ ተከለው። ፓተንቱን ያገኘው ግን ቆይቶ በ1907 ነው። ሆቴሎች፣ ቲያትር ቤቶችና ትልልቅ ቢሮዎች ተከተሉ። ሥራው ራሱን የቻለ የምሕንድስና ዘርፍ ስለሆነ በ1913 ኤም. ኤስ. ኩሊ የተባለ መሐንዲስ ስለ ቱቦ ስፋት፣ ስለ አየር ፍጥነትና ስለ ፓምፕ ጉልበት ሙሉ መጽሐፍ ጻፈበት።

የዚህ ሐሳብ ደካማ ጎን ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ሕንፃ ያስፈልጋል። ሕንፃው ደግሞ ሲሠራ ጀምሮ ታስቦበት መሆን አለበት። ተከራይ ለሆነ ሰው፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው፣ ምድር ቤት ለሌለው ሰው የሚሆን አይደለም። ንጹሕ አየር የባለ ሕንፃ ዕቃ ሆነ።

የጽዳት ሠራተኛው ሐሳብ

ይህን የለወጠው ባለ ሕንፃ አይደለም። ጀምስ መሪ ስፓንግለር ካንተን፣ ኦሃዮ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሱቅ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት። የሚጠርገው ምንጣፍ አቧራ ሌሊቱን ሲያስለው ያድራል። ሥራውን ቢተው እንጀራው ይቀራል፤ ቢቀጥል ሳንባው።

በ1907 ያገኘውን ሰብስቦ አንድ ነገር ገጣጠመ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ። የትራስ ልብሱ አቧራውን ያጠራቅማል። መልኩ ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ሰኔ 1908 ፓተንቱን አገኘ። ገንዘብ ስላልነበረው መብቱን ዊልያም ሁቨር ለተባለ የቆዳ ዕቃ አምራች ሸጠ። ሁቨር የፈረስ ኮርቻና ልጓም ይሠራ ነበር፤ አውቶሞቢል እየመጣ ስለነበር ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። መጽሔት ላይ «10 ቀን በነጻ ሞክሩት» ብሎ አስነገረ፤ ቀጥሎም ሻጮችን ቤት ለቤት ላከ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ድረስ ምንጣፍ መጥረግን በሁቨር ስም ይጠሩታል። ስፓንግለር በ1915 ዓለምን ተሰናበተ፤ በስሙ የሚጠራው ማንም የለም።

ኤሌክትሪክ በየቤቱ ሲገባ ትንሹ ማሽን አሸነፈ። ምድር ቤት አይጠይቅም፣ ግድግዳ አያስፈርስም። ተከራይም ይገዛዋል። የኬኒ ቱቦዎች በየሕንፃው ግድግዳ ውስጥ ተረስተው ቀሩ።

ታዲያ የተረፈው ጊዜ የት ገባ?

ማስታወቂያው «እመቤቶች ሆይ፣ ከድካም ተገላገሉ» ይል ነበር። ታሪክ አጥኚዋ ሩት ሽዋርትዝ ካዋን በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ተስፋ አንድ በአንድ ፈተሸችው። ያገኘችው የሚያስደነግጥ ነው። ከማሽኑ በፊት ትልቅ ምንጣፍ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ተነስቶ ወደ ደጅ ይወጣ ነበር። የሚሸከሙትና በዱላ የሚደበድቡት ወንዶችና ልጆች፣ አቅም ያለው ደግሞ ቅጥረኞች ነበሩ። (ለበዓል ምንጣፍ አጥር ላይ ሰቅሎ ማራገፍን የምታውቁ ይገባችኋል።) ማሽኑ ሲመጣ ምንጣፉ ባለበት ይጠረጋል፤ ስለዚህ ወንዱም ልጁም ቅጥረኛውም ከሥራው ወጡ። ቀረች አንዲት ሴት። በዓመት አንዴ የነበረው ሥራ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያም በየቀኑ ሆነ። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ራሱ መለኪያው ከፍ አለ።

ቁጥሩም ይህንኑ ይላል። ጆአን ቫኔክ በ1974 ባወጣችው ጥናት መሠረት ከቤት ውጭ ሥራ ያልነበራቸው አሜሪካውያን ሴቶች በ1920ዎቹ በሳምንት 52 ሰዓት ገደማ ለቤት ሥራ ያውሉ ነበር። በ1960ዎቹ፣ ያ ሁሉ ማሽን ከገባ በኋላ፣ 55 ሰዓት ሆነ። አልቀነሰም። ማሽኑ ጉልበት ቀንሷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሰዓቱን ግን አልመለሰም።

ተመልሶ ወደ ግድግዳ

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኬኒ ሐሳብ ከሞት ተነሳ። ያስነሳው ፕላስቲክ ነው። ከባዱ የብረት ቱቦ ቀርቶ ቀላልና ርካሽ የፒቪሲ ቱቦ መጣ። በመጋዝ ይቆረጣል፣ በማጣበቂያ ይያያዛል። የአሜሪካና የካናዳ ቤቶች ግድግዳ ደግሞ አብዛኛው የእንጨት አጥንት ሆኖ ውስጡ ክፍት ነው፤ ቱቦ ለማሳለፍ ይመቻል።

አተካከሉ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቱቦው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጎማው 9 ወይም 10 ሜትር ስለሚረዝም አንድ መሰኪያ ብዙ ክፍል ይደርሳል። ከቱቦው ጋር 24 ቮልት የሚያስተላልፍ ቀጭን ሽቦ ይሄዳል፤ ጎማው ሲሰካ ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው። የቱቦው መታጠፊያዎች ሁሉ ዘርጋ ያሉ መሆን አለባቸው። ጠባቡ መታጠፊያ መሰኪያው ጀርባ ላይ ብቻ ይደረጋል፤ የልጅ መጫወቻ ወይም እርሳስ ከተሳበ እጅ የሚደርስበት እዚያው እንዲቀረቀር ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ በጣም ደቃቁ አቧራ ተመልሶ ቤት ውስጥ አይበተንም። ስፓንግለር ቢያየው ደስ ይለው ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ቢመኝስ? የኛ ግድግዳ ብሎኬት ነው። ቱቦው መገባት ያለበት ግድግዳው ቆሞ ልስን ከመለሰኑ በፊት፣ የመብራትና የውኃ መስመር በሚዘረጋበት ሰዓት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ቱቦ 15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ውስጥ ቆፍሮ መቅበር ግድግዳውን ስለሚጎዳ በኮርኒስ ውስጥ ማሳለፍ ይሻላል። ከልስን በኋላ «እስቲ እናስገባ» ማለት ግን መዶሻ መጥራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሞተሩም አብሮ ይተኛል። ደግሞም ቫኪዩም ጉልበቱ የሚታየው ምንጣፍ ላይ ነው፤ ሴራሚክ ለተነጠፈበት ቤት መወልወያ አሁንም ጌታ ነው።

አቧራውን ማን ይሸከማል?

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። አገባን እንጂ! ከኛ ሰዎች ስንቶቹ ናቸው ቫኪዩምን መጀመሪያ የያዙት የሰው ቤት ሲያጸዱ? ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ። ዋሽንግተን ሲደርሱም የሆቴልና የቢሮ ምንጣፍ። በ2016 የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ለሥራ የምትሄድ ሴት ስምንተኛ ክፍል እንድትጨርስና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ይጠይቅ ነበር። የቤት ውስጥ ማሽን መያዝ ለኛ አገር ልጅ ከምቾት በፊት እንጀራ ሆኖ መጣ ማለት ነው።

አገር ቤት ያለችውስ? በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሌላው ሠራተኛ ጋር አልደመረውም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያውጣበት ብሎ ለብቻ አስቀመጠው። የቤት ሠራተኛዋ የምትጠርገው ቤት ግድግዳ ውስጥ ቱቦ ሊቀበርለት ይችላል። የሥራ ሰዓቷን የሚቆጥር ግን ከቱቦው ጋር አብሮ አይተከልም።

ቫኪዩም አትግዙ፣ ግድግዳችሁም ውስጥ ቱቦ አታስገቡ አንልም። የሰው ወገብ የሚያሳርፍ፣ ሳንባ የሚያድን ነገር ሁሉ ይግባ። ግን የመቶ ሃያ ዓመቱ ታሪክ የሚለው አንድ ነገር አለ፤ ማሽን ሥራን ሲያቀል የቀለለው ሥራ ለማን እንደሚወድቅ የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። አሜሪካ ላይ ሲቀልል ወንዶቹ ትተውት ወጡ።

እስቲ አንድ ሳምንት ሞክሩት። እቤታችሁ ለጽዳት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ጻፉ፤ ከጎኑም የሠራውን ሰው ስም። ወረቀቱ ላይ ያው አንድ ስም ብቻ ከተደጋገመ፣ ቱቦውን ከማስገባታችሁ በፊት የምትነጋገሩበት ጉዳይ አላችሁ።