ሥነ ንብርብር፦ የጋዴሞታ ባልጩት ዕድሜው በምን ታወቀ?

ከባቱ ከተማ በስተምዕራብ በሚገኘው የጋዴሞታ ኮረብታ፣ ጎርፍ በሸረሸረው አፈር ላይ ጥቁር የሚያብረቀርቅ የባልጩት ስባሪ ይታያል። የጥንት ሰው ጠርቦ የሠራው መሣሪያ ነው። ዕድሜውን ከድንጋዩ በቀላሉ ማወቅ ግን አይቻልም፤ የባልጩቱ ዕድሜ ከእሳተ ገሞራ የወጣበት ዘመን እንጂ ሰው የጠረበበት አይደለም። የተጠረበበትን ዘመን ለማወቅ የተኛበትን አፈር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ የአፈርና የድንጋይ ሽፋኖችን አደራደር የሚመረምር ጥናት ስትራቲግራፊ ይባላል። በአማርኛ «ሥነ ንብርብር» ብንለው ከሥነ ምድር ጋር ይዛመዳል፣ ለጆሮም አይከብድም። መነሻው ቀላል ነው፦ ካልተነካካ አፈር ውስጥ የታችኛው ሽፋን ከላይኛው ይቀድማል። አስቸጋሪው «ያልተነካካ» መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ጎርፍ የድሮውን ዕቃ አጥቦ በአዲስ ደለል ላይ ይጥለዋል፤ ጉድጓድ የሚምስ አውሬም የላዩን ወደ ታች ያወርደዋል። ስለዚህ ቆፋሪዎች አፈሩን በስሱ እየፋቁ ይወርዳሉ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከማንሳታቸው በፊት ቦታውንና ጥልቀቱን ይመዘግባሉ፣ የወጣውን አፈር በወንፊት ይነፋሉ፣ የጉድጓዱን ግድግዳም ሽፋን በሽፋን ይስላሉ።

ጋዴሞታን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቆፈሩት እነ ፍሬድ ዌንዶርፍና ሮሙዋልድ ሺልድ ናቸው። በመሣሪያዎቹ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ሽፋኖች መኖራቸው ትልቅ ዕድል ነበር። በአመዱ ማዕድን ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። በፍንዳታው ሙቀት የቀድሞው ጋዝ ስለሚያመልጥ ቆጠራው ከዚያ ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል። መጀመሪያ የተገመተው ዕድሜ 180,000 ዓመት ገደማ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ሊያ ሞርጋንና ፖል ረኒ በተሻለ የአርገን ልኬት አንደኛው አመድ 276,000 ዓመት ገደማ እንደሆነው አሳዩ። ከዚያ አመድ ሥር የተገኙት መሣሪያዎች እንግዲህ ከዚያም ይበልጣሉ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ በኦሞ ኪቢሽ እስካሁን ከተገኙት የሰው ቅሪቶችም ይቀድማሉ። ለእኔ የዚህን ጥናት ክብር የሚያሳየኝ ይህ ነው፦ ማንም ድንጋዩን ሳይለካ ዘመኑ ታወቀ።

ትርጉሙ ላይ ግን ክርክር አለ። ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. በባልጩቶቹ ጫፍ ላይ ያሉትን ስንጥቆች በማጉያ መርምረው፣ አንዳንዶቹ የሚወረወር ጦር ጫፍ ነበሩ አሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ተመሳሳይ ስንጥቅ በጠረባ ጊዜም ሊፈጠር ይችላል ሲሉ ይሞግታሉ። የመሣሪያዎቹ የቦታ መዝገብ ስላለ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ዘመኑ በታወቀ ዕቃ ላይ ነው።

በባቱ ዙሪያ መሠረት ሲቆፈር ወይም መሬት ሲታረስ የተጠረበ ባልጩት ካጋጠመዎት አያንሱት። በነበረበት ፎቶግራፍ ያንሱትና ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። በግንባታም ሆነ በሌላ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ እንዲያመለክት የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያዝዛል።