ደንገልና እጅ

የጣና ሐይቅ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ቀድመው የሚወሱት ገዳማቱ፣ የብራና መጻሕፍቱና በዳጋ እስጢፋኖስ ያረፉት ነገሥታት ናቸው። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም የሚገኝበት ይህ ደሴት ዙሪያው ውኃ ነው። ስለዚህም ካህኑም ንጉሡም፣ ብራናውም ዕጣኑም፣ ሕያውም ሙትም የተሻገረው በውኃ ላይ ነው። የዚያ ውኃ ነባር መሻገሪያ ታንኳ ሲሆን፣ ታንኳውን የሠራው እጅ ግን በታሪክ መጻሕፍት እምብዛም ስሙ አይጠራም።

የጣና ታንኳ ምስማር አያውቅም። ደንገል ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶው ሆኖ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ጫፉ እየቀጠነ ወደ ላይ ይቀለበሳል። የደንገሉ ግንድ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ በመሆኑ ይንሳፈፋል። ይሁንና ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነውና ሠሪው አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ይጀምራል።

የዚህ ሙያ ዋነኛ ባለቤቶች ነገደ ወይጦ ናቸው። ዓሣ አጥማጆች፣ የጉማሬ አዳኞችና ታንኳ ሠሪዎች ሆነው በሐይቁ ዳር ኖረዋል። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። ጎረቤቶቻቸው በሥራቸው እየተገለገሉ እነርሱን ግን ከማዕድ ያገልሉ ነበር።

የሙያው ክብደት የታወቀው ሌሎች በሞከሩት ጊዜ ነው። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በእንፋሎት መርከብ አምሳያ፣ ከደንገል የተሠሩና በእጅ የሚዞር መንኰራኵር የተገጠመላቸው ጀልባዎች በጣና ላይ እንዳሠሩ፣ እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። ንጉሡ አዲስ ኃይል ሲሹም መሠረቱ ያው የሐይቁ ደንገል ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደንገሉ ውቅያኖስ ተሻገረ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳህል ከጣና የታጨደ 12 ቶን ያህል ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ፣ በፒራሚዶቹ አቅራቢያ በቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች «ራ»ን አሠራ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ የተነሣችው «ራ» 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ ኋላዋ ረግቦ ተተወች። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ኋላውን ወጥሮ የሚይዘው ገመድ በእርሷ ላይ እንደሚገባ አልተያዘም ነበር። በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው «ራ 2» ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች።

ከሁለቱ ጉዞዎች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ደንገሉ ያው የኢትዮጵያ ደንገል ነው፤ የአንዲቱን መውደቅና የሌላይቱን መድረስ የለየው አስተሳሰሩ ነው። ዓለም የጣናን ተክል ሲያደንቅ፣ አስተሳሰሩን ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት የጣና እጆች ግን ከዝናው አልተካፈሉም።

ዛሬ የሞተር ጀልባ በዝቷል፤ የእርሻና የከተማ መስፋፋት የደንገሉን ዳርቻ አጥብቦታል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወርሮታል። ደንገል ተቆርጦ ቢያልቅ ዳግመኛ ሊተከል ይችላል። እጅ ከእጅ ሲቀበለው የኖረው አስተሳሰር ግን አንድ ትውልድ ከዘለለው መልሶ የሚያበቅለው መሬት የለም። ብራናው በሙዚየም ሲጠበቅ፣ ብራናውን ያሻገረው ሙያም ከነባለቤቶቹ ስም ሊመዘገብና ሊከበር ይገባዋል።